ጆሮው የሚጮህበት ጎረቤቴ

እናንተዬ፣ ጆሮው በጮኸ ቁጥር "ታማሁ!" ብሎ የሚጣላ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ትምህርት ቤት ብዙ ባልቆይም ሰው በማወቅ አዳማ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፤ ቶሎሳ ግን አቃተኝ!

ከሞጆ ደረቅ ወደብ በከባድ መኪና ኮንቴይነር ሲያመላልስ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ያ ሁሉ ሞተር ሲያጓራበት ኖሮ ጆሮው እንዴት አይጮህ? እሱ ግን ያሙትን ሰዎች ሲቆጥር ነው የሚያነጋው። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመጣና፣ "አንተ ነህ አይደል?" ይለኛል። ባለሱቋን አኮረፈ፣ ወንድሙን ዘጋው፣ በመጨረሻ ከእድራችን ለመውጣት ማመልከቻ ጻፈ።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከእድር የወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል? እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ አየችውና፣ "ጋሼ፣ የሞተር ድምፅ ጆሮዎን ጎድቶት ይሆናል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ያባብሰዋል። የጆሮ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እስከዚያው ሲተኙ ቬንትሌተር ይክፈቱ፤ ድምፁ ጩኸቱን ይሸፍንልዎታል" አለችው።

"ለእሷም ነግረዋታል!" አለኝ ገና ከበሩ ሳንወጣ። ሚስቱ ግን እሁድ ከምሳ በኋላ ቬንትሌተሩን ከፍታ በግድ አስተኛችው።

ሰኞ ጠዋት እየሳቀ መጣ። "ማመልከቻዬን መልስልኝ። ትናንት አንድም ሰው አላማኝም፤ ለጥ ብዬ ተኝቼ ዋልኩ!"

መለስኩለት። ምን ልበለው? እሁድ ከሰዓት እኮ የእድር ስብሰባ ነበረን፤ ሌላ አጀንዳ ሳናነሳ እሱን ስናማ ነው የመሸብን።