የእማማ ዘይነባ የፍሬን መብራት

የመኪናውን የኋላ መብራት በጥቁር ስቲከር የሚሸፍን ሰው ምን አስቦ ነው ትላላችሁ? አትድከሙ፤ ያ ሰው እኔ ስለሆንሁ ልንገራችሁ። ምንም አላሰበም። ያምርበታል አሉት፣ ለጠፈ፣ አለቀ።

አንድ ቀን የበርበሬ ነጋዴዋን እማማ ዘይነባን ይዤ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስወርድ ከብቶች መንገድ ገቡና ፍሬን ያዝሁ። ከኋላችን የነበረው አይሱዙ ሊጨፈልቀን ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «መብራት የለህም እንዴ?» አለኝ።

«የለህም?» አሉኝ እማማ ዘይነባ ከኋላ ወንበር።

«አለኝ፤ ግን ተሸፍኗል።»

«ማን ሸፈነው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ለዚች ጥያቄ መልስ እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

እሳቸው ግን ቀይ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ፍሬን በያዝሁ ቁጥር በመስኮት ያውለበልቡት ጀመር። ለጋሪ ስቆም ሻርፑ ይወጣል፤ ስነሳ ይገባል። ፋብሪካ የሠራው መብራት እንኳ እንዲህ አይታዘዝም።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ የአይሱዙው ሾፌር ወርዶ ወደ እኛ መጣ። ለስድብ ተዘጋጀሁ። እኔን አልፎ ለእሳቸው ጎንበስ አለና፣ «እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። በሰላም ያስገቡን እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ስቲከሩን እዚያው ቆሜ በጥፍሬ ላጥሁት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሲሳፈሩ፣ «እማማ፣ መብራቴ እኮ ተገልጧል» አልኋቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ አላህ ያክብርህ» ብለው መረቁኝ። ገና ፍሬን ስነካ ግን ሻርፑ በመስኮት ወጣ።

ተመስገን አልሁ በልቤ። አምፖል እኮ ይቃጠላል።