ሰው ሳይሞት የሚነፋ ጡሩምባ

በሰበታ ከተማ፣ ከዓለም ገና ብዙም ሳይርቅ ባለው ሰፈራችን፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አባሎቹን በክብር ሲቀብር የኖረ ዕድር አለ። እኔ ወንዲ የዚህ ታላቅ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከቀበርናቸው አንድም ሰው ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ችግር የፈጠሩብን በሕይወት ያሉት ናቸው፤ በተለይም ወይዘሮ የሺወርቅ።

ወይዘሮ የሺወርቅ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሌሊት ሰውነታቸው እየጋለ ላብ ሲያጠምቃቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዶክተር ዕድላዊት መርምራ፣ ማረጥ መሆኑንና ላቡም እንደማይገድላቸው ነገረቻቸው። ያሳሰባት ሌላ ነው፤ የደም ግፊታቸውም ስኳራቸውም ሽቅብ እየወጣ ነበር። የወር አበባ ሲቋረጥ ልብ የቆየ ጠባቂዋን ታጣለችና ከዚህ በኋላ ጥበቃው የራስዎ ነው አለቻቸው። እናታቸው በዚሁ ዕድሜ በልብ ሕመም ስለሞቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ክፉኛ ፈሩ። የታዘዘላቸው ግን ቀላል ነበር፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ጨው፣ ስኳርና ቅባት መቀነስ፣ ምስርና ጎመን ማብዛት።

ዶክተሯ ትምህርቷን ጨርሳ የመጣች ብትሆንም የሰፈራችንን ደንብ አልተማረችም። በእኛ ሰፈር አንዲት የተከበረች ሴት በማለዳ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የምትጣደፈው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ሰኞ ማለዳ ወይዘሮ የሺወርቅ ሸራ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። መጀመሪያ ያየቻቸው ሱቋን ስትከፍት የነበረችው ሬሐና ናት። ማን ሞተ ብሎ መንገድ ላይ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ሱቋን መልሳ ዘጋችና ተከተለቻቸው። ሬሐናን ያዩ ሌሎች ሴቶች ተከተሉ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ተከታዩ አርባ ሞልቶ ነበር፤ አንዳንዶቹም ለማን እንደሚያለቅሱ ሲደርሱ ሊሰሙ፣ ከወዲሁ ማልቀስ ጀምረዋል። ወይዘሮ የሺወርቅ ዞር ብለው ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ መዓት የመጣ መስሏቸው ፍጥነት ጨመሩ። ሕዝቡም ጨመረ። ዞረው ቤታቸው ሲደርሱ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተጥዶ ጠበቃቸው።

ወይዘሮ የሺወርቅ እያለቀሱ፣ "ማነው የሞተብኝ?" አሉ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "እሱንማ ከእርስዎ ልንሰማ ነው የመጣነው" አሉ።

በዚያች ማለዳ አርባ ሴቶች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብለው ተራምደዋል። በከተማችን ታሪክ እንዲህ ያለ ስፖርት ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን በታዘዝኩት መሠረት "ሁከት" ብዬ መዘገብኩት።

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ገብረየስ ሰፊ ንግግር አደረጉ። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል፣ ስለዚህ እንቁላል እንኳ ያልቸኮለውን የሃምሳ ዓመት ሴት ምን ያስቸኩላታል አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። ወይዘሮ የሺወርቅ ግን የዚህ ዕድር ድንኳን እናቴን ሸኝቷል፣ እኔን እስኪሸኝ ተቀምጬ አልጠብቅም ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ውሳኔ ተገኘ። ይራመዱ፤ ነገር ግን ሕዝብ እንዳይደናገጥ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ኦቦ ሂርጳ ከፊት ከፊታቸው እየሄዱ ያስታውቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ሂርጳ በየማለዳው ጡሩምባቸውን ይነፉና፣ "የሞተ ሰው የለም! ወይዘሮ የሺወርቅ ለልባቸው ነው! ነምኒ ዱኤ ሂንጂሩ!" እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም እያስታወቁ ሰፈሩን ይዞራሉ። ሬሐናም አርባ ስምንት ዓመቷ ነውና ሱቁን ለልጇ እየተወች ተቀላቀለች። በሦስት ወር ውስጥ የወይዘሮ የሺወርቅ ግፊት ወረደ። የኦቦ ሂርጳ ቀበቶም ሁለት አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው። ወይዘሮ የሺወርቅ ሽሯቸውን ያለ ቅቤ፣ ሻያቸውን ያለ ስኳር እንደሚወስዱ ሲሰማ ዕድሩ ኑሮ ከብዷቸዋል ብሎ አዘነና አንድ ኪሎ ቅቤና ሁለት ኪሎ ስኳር ላከላቸው። መለሱት። ይህም ኩራት ተብሎ ተመዘገበባቸው።

የጋሽ ገብረየስ ባለቤት ወይዘሮ ሰናይትም ሃምሳን አልፈዋል። እሳቸውንም ያልባቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኔም ልራመድ ቢሉ ጋሽ ገብረየስ የሊቀመንበር ሚስት በጡሩምባ አትዞርም ብለው ከለከሉ። ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ሚስታቸውን ይወዳሉ። ሰፊ ባለ ክንድ ወንበር አሠርተው በረንዳ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሻዩን ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመሩ፣ ቦምቦሊኖውን እያስከተሉ በገዛ እጃቸው ያቀርቡላቸው ነበር። የሰፈሩ ባሎች ሁሉ እንደ ምሳሌ ይጠቅሷቸዋል።

አንድ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ሰናይት እዚያው ወንበር ላይ እንዳሉ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃቸው፣ ግራ እጃቸው ዛለ። ጋሽ ገብረየስ ስልክ ቢሞክሩ ኔትወርክ የለም። ወደ ጎረቤታቸው ኦቦ ሂርጳ ሮጠው ጡሩምባ ይነፋ አሉ። ተነፋ። ደግሞ ተነፋ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ "የሺወርቅ ናት" ብሎም ምሳውን ቀጠለ። እኔ ራሴ ዛሬስ ሰዓት ቀየሩ ብዬ ወጥ አስጨመርኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

የሺወርቅ እየተራመዱ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቁት ወይዘሮ የሺወርቅና ሬሐና ብቻ ነበሩ። ፈጥነው ደረሱ። መንገዱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ ባጃጅ ስለማያስገባ ወይዘሮ ሰናይትን ከነወንበራቸው አነሷቸው። ጋሽ ገብረየስ ሃያ እርምጃ ያህል ተሸክመው ትንፋሽ አጥሯቸው ቁጭ አሉ። ሁለቱ ሴቶችና ኦቦ ሂርጳ ግን አስፋልቱ ድረስ አደረሷቸው፤ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አልቆላቸው ነበር አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ዕድሩ ከዚህ አስደንጋጭ ክስተት ትምህርት ለመቅሰም ተሰበሰበ። ለሦስት ሰዓት ከተመከረ በኋላ ጋሽ ገብረየስ ተነስተው፣ "ወንበሩ ባይኖር ኖሮ በምን እንሸከማት ነበር?" ሲሉ ጠየቁ። እንደገና አጨበጨብን። በዚህም መሠረት ዕድሜዋ ከአርባ አምስት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዷ ሴት አባል አንድ አንድ ባለ ክንድ ወንበር እንዲሠራ፣ አባሏም ድንገት ብትታመም ወዲያው ለመሸከም እንድትመች ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣበት እንድትገኝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው ላይ ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን በየቤታቸው እየዞርኩ እንዳስፈርም ታዘዝኩ።

ሁለት ወር ቆይቶ ወይዘሮ ሰናይት ድነዋል ሲባል በማለዳ መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። በረንዳው ላይ፣ በዚያው ወንበር፣ ጋሽ ገብረየስ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሄዳለች አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ ሐኪሟ ፈቅዳላት፣ ጡሩምባውንም አልፈልግም ብላ።

ወጥቼ ሳይ ወይዘሮ የሺወርቅ እየመሩ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ወደ ወፍጮ ቤቱ እያቀኑ ነው፤ ወይዘሮ ሰናይት መሃል ላይ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ቃለ ጉባኤውን እያውለበለብኩ፣ "ፊርማ! ፊርማ!" እያልኩ ሮጥኩ። አልሰሙኝም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ደረቴን ይዤ ድንጋይ ላይ ተዘረጋሁ። ያኔ ዞሩና ከበቡኝ። ወይዘሮ ሰናይት ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ ጊዜ ወስደው እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ አጥፈው በእሱ ያራግቡልኝ ጀመር።

"ወንዲ፣" አሉኝ፣ "ወንበሩ ይምጣልህ?"