የቲቸር ሐሊማ ግራ ቅንድብ

ይኸውልህ፣ አሶሳ ላይ ስለ ብዙ ነገር እናወራለን። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማንጎው፣ መንገዱን ስለሞላው ባጃጅ። ስለ ግንባር መጨማደድ የሚያወራ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። ምን በወጣን? ፀሐዩ የሁላችንንም ግንባር አጨማዶ ጨርሶታል። ታዲያ አንድ ቀን ቲቸር ሐሊማ መምህራን ክፍል ገብታ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ "ፊቴን ተወግቼ መጣሁ" አለችን። ሻዬ ትን አለኝ።

ሐሊማን ላስተዋውቅህ። የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት። የዚሁ የአሶሳ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ክልሉ ገና አዲስ ሆኖ ወንበር እንኳ በማይበቃበት ጊዜ ጠመኔ ይዛ ማስተማር የጀመረች። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ በርትኛ ሰላምታ ያስተማረችኝም እሷ ናት። በቅንድቦቿ መሃል ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ነበሯት። ተቆጥታ እንዳይመስልህ፣ ስትስቅም እዚያው ናቸው። ግን አቤት የነዚያ መስመሮች ሥራ! ሰልፍ ላይ ብቅ ስትል ግቢው ጸጥ ይላል። አለንጋ አልያዘች፣ አልጮኸች። እኔ አንድ ክፍል ልጅ ዝም ለማሰኘት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጮኻለሁ፤ እሷ በመስኮት ታልፋለች፣ አለቀ። እውነቴን ነው፣ እቀናባት ነበር።

ታዲያ ምን ነካት? የልጅ ልጅ ነዋ! አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ወለደች። ሐሊማ ለእረፍት ሄዳ ሕፃኗን ልታቅፍ እጇን ስትዘረጋ፣ ሕፃኗ ፊቷን አይታ እሪ! በማግስቱም እሪ! የሰው ልጅ ሁሉ ስታሳድግ የኖረች ሴት የራሷን የልጅ ልጅ ማቀፍ አቃታት። "ሌላው ይፍራኝ፤ እሷ ግን ለምን ትፈራኛለች?" ስትለኝ ድምፅዋ ተሰበረ። አንጀቴን በላችው። ልጇም አላስችል ብሏት ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት።

ሌላው ሰው ቢሆን ይደብቃል። ሐሊማ ግን ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። የግንባር መስመር የሚያጠፋው መርፌ የዕለቱ ዕለት አይሠራም፤ ቀናት ይፈልጋል። ለጥቂት ሰዓት ቦታውን ማሸት የለም፣ መተኛት የለም፣ ግንባርን መጫን የለም። እሷ ደግሞ ሰጋጅ ናት፤ ግንባሯ መሬት ሳይነካ አይውልም። ይህንን ለሐኪሙ ነግራው በማለዳ ተወጋች፤ የቀትሩ ስግደት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ሰዓቱ አልፎላታል። አየህ ብልጠቷን? ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደግሞ ተመልሶ መታየት አለ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከተለየ የሚስተካከለው ያኔ ነው። ከዚያ ወራት ቆይቶ ይለቃል። ከፈለግክ ትደግማለህ፣ ካልፈለግክ የድሮ ፊትህ ይመለስልሃል። ከድሮው ብሶ አይመጣም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አይብስም ብለውኛል አለች።

መስመሮቹ እውነትም ጠፉ። ግን ምን ሆነ መሰለህ? የግራ ቅንድቧ ጫፍ ወደ ላይ ሄደ! ቀኙ በቦታው ነው፤ ግራው ብቻ "እስቲ ያልከውን ድገመው" የሚል ይመስላል። እኛ መምህራን ተንሾካሾክን። አለቀላት፣ ልጆቹ ይጫወቱባታል አልን። እሷም ሳትሰጋ አልቀረችም፤ ቀጠሮዋ እስኪደርስ ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች። "የልጅ ልጄን አገኛለሁ ብዬ ትምህርት ቤቱን ላጣው ነው" አለችኝ።

በዚህ መሃል ሴት ልጁ ከትምህርት የቀረችበት አንድ ነጋዴ ቢሮዋ ተጠርቶ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በርትኛው እንደማይገባኝ አይቶ በጨዋነት ወደ አማርኛ ዞረ። "ልጁ ታሞ ነበር መምህርት። በጣም ታሞ" አለ፤ ሴት ልጁን ማለቱ ነው። ሐሊማ ሙቀቱ ስላስጨነቃት ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ቅንድቧ ወጣ! ሰውየው አየው። ወደ መሬት አየ። እንደገና ቀና ብሎ አየው። "ወላሂ፣ አልታመመም" አለ። "ማንጎ ይሸጥ ነበር። ነገ ይመጣል።" በማግስቱ ልጅቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

ከዚያ ወዲያማ ጉድ ፈላ። ኳስ ያፈነዳው፣ ጓደኛውን የመታው፣ አርፍዶ የገባው መምህር ሳይቀር፣ ቅንድቧን ባየ ቁጥር ሳይጠየቅ ጥፋቱን ያወጣል። ድሮ ይፈሯትና ዝም ይሏት ነበር። አሁን ይነግሯታል። ሻሿን ከግንባሯ አንስታ ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው።

ቀጠሮዋ ደርሶ አዲስ አበባ ሄደች። ሕፃኗ አየቻት። ሐሊማ ትንፋሿን ዋጠች። ሕፃኗ እጇን ሰዳ የወጣውን ቅንድብ ያዘች፣ ከትከት ብላ ሳቀች፣ እቅፏ ውስጥም እንቅልፍ ወሰዳት። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም፣ ምን ልደብቅህ፣ ዓይኔን ጠረግኩ።

እኔ እንግዲህ ወጌን "የተፈጥሮ ፊት ይሻላል" ብዬ ልዘጋልህ ነበር ያሰብኩት። አልሆነልኝም። ሐሊማ ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርብ፣ እሱ ቅንድቧን አገላብጦ አየና ይህ የሚያጋጥም ነው አላት፤ "የእርስዎ ጡንቻ ጠንካራ ስለሆነ ነው፣ በአንዲት ጠብታ መድኃኒት እናወርደዋለን።" እሷ በዚያው ቅንድብ ቀና ብላ አየችው።

ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ። "እውነቱን ለመናገር እናቴ" አለ፣ "በግራ በኩል አሳንሼ የወጋሁት እኔ ነኝ።"

ቅንድቡን አላስነካችውም። ወራቱ አልፎ እነዚያ ሁለት መስመሮች ብቅ ሲሉ ግን ተመልሳ ሄደች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና "ዶክተር" አለችው፣ "ያንኑ ስህተት ድገምልኝ።"