ከኩሽና በር አልወጣም ስላለው ኬክና ስለ ወይዘሮ ሜትር ገድል

ንጽሐፍ ዜናሃ ለእመቤተ መርፌ ወመቀስ። በአሥራ ዘጠነኛው ዓመተ መንግሥታ፣ ይኸውም የስፌት መኪናቸው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ዙፋኗን ከዘረጋች አሥራ ዘጠነኛው፣ ማቀዝቀዣው ተጠግኖ መልሶ ከተበላሸ ሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ ታናሽ እህታቸው ባረገዘች በስምንተኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ጨርቅን ቆርጠው የሚያለብሱ፣ የጠበበውን የሚያሰፉ፣ የሰፋውን የሚያጠቡ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ፣ ስለዚህም ሰፈሩ ሁሉ ወይዘሮ ሜትር የሚላቸው ታላቂቱ ልብስ ሰፊ፣ ሕዝቡ ቤቢ ሻወር የሚለውን፣ ላልተወለደ ሕፃን የሚደገሰውን ድግስ በገዛ ቤታቸውና በገዛ እጃቸው ይደግሱ ዘንድ ተነሡ።

ይህን ዜና መዋዕል የሚጽፈው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነው ባላቸው ነው። በቤት ውስጥ አንቺ እንደሚላቸው፣ ካልሲው ሲጠፋበትም ጮክ ብሎ እንደሚጣራ አይካድም፤ በታሪክ ፊት ግን እሳቸው ይላቸዋል፣ ታሪክ ማንንም አንቺ ብሎ አያውቅምና። ያየውን ይጽፋል። ያላየውን ከጎረቤታችን ከነርሷ ጠይቆ ይጽፋል።

የጦርነቱ መነሻ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት እናታቸው ስታርፍ ታናሽየዋ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወይዘሮ ሜትርም ገና ሃያ አራት ዓመታቸው ነበርና፣ ሕፃኒቱን ይዘው፣ የዩኒፎርሟን ጫፍ በየዓመቱ እያወረዱ፣ ጸጉሯን እየሠሩ፣ የማይገባቸውን ሒሳብ እያስጠኑ፣ ለአካለ መጠን አደረሷት። እሷም አድጋ አንድ ሾፌር አገባች። ሾፌሩ መልካም ሰው ነው፤ ችግሩ እህት አለችው። ታላቅ እህቱ የአንድ መሥሪያ ቤት አስተዳዳሪ ናቸው፣ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ቁልፍ በእጃቸው ነው፣ ስለዚህ ወይዘሮ አዳራሽ ይባላሉ። ሠርጉን ጠቅልለው የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ቀን ሙሽሪትን ያሳደጉት እመቤት ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ካለ ጠረጴዛ ላይ እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀመጡ። ይህን ነገር ወይዘሮ ሜትር ለማንም አልተናገሩም። ለባላቸው ብቻ ተናገሩ፣ እሱንም ሦስት መቶ ጊዜ ያህል።

ወእምድኅረ ዝንቱ የእርግዝናው ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ወይዘሮ አዳራሽ ከሳሎናችን መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እኔ እያለሁ ምን ሐሳብ አለ! አዳራሹ እኔ ጋ ነው፣ የሚያስጌጡትንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ። እናንተ ምንም አትቸገሩ፤ መጥታችሁ መቀመጥ ብቻ ነው!»

መጥታችሁ መቀመጥ የሚለው ቃል እንደ መርፌ ገባ። ወይዘሮ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙ! ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የምደግስላትም እኔ ነኝ! ኬኩንም እጋግራለሁ፣ ቤቱንም አስጌጣለሁ። መጥቶ የሚቀመጠው በዚህኛው ድግስ ሌላ ሰው ነው!»

ወይዘሮ አዳራሽም ፈገግ ብለው መለሱ፦ «እሺ እህቴ፣ እንዳልሽ። ቁልፉ ግን ቅዳሜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ እንግዳውን ይዤ ወደ አዳራሽ እሄዳለሁ፤ ይህን ሁሉ ሰው አስርበን አንሰድም!»

ነፍሰ ጡሯ ሁለቱንም ስለምትፈራ ብስኩት በላች። ነገሩ ግን ተቆረጠ። እመቤታችን ይህን ድግስ ካጡ፣ ሠርጉን እንዳጡ ሁሉ የልጁንም ነገር ከዳር ቆመው ያያሉ ማለት ነው፤ ይህንም እሳቸው ያውቃሉ፣ ባላቸውም ያውቃል፣ ሌሊት ዞር ዞር ሲሉ ፍራሹም ሳያውቅ አይቀርም።

ወዲያው ክተት ታወጀ፦ «በቤት ውስጥ ያለ ነገር ከሱቅ አይገዛም! የማርማላታ ጠርሙስ የጣለ ይጠየቃል! የእንቁላል ካርቶን የጣለ እኔን አያውቀኝም፣ እኔም አላውቀው!» አዋጁም በደረጃው ላይና ታች ተሰማ።

የዘመቱትም እነዚህ ናቸው። በፊት የምትሄደው ጎረቤታችን ነርሷ ነበረች፤ ክሬም የሚረጭ መሣሪያ በቤታችን ስላልነበረ መርፌ የሌላቸው፣ ከማሸጊያቸው ያልወጡ ሦስት ትልልቅ ሲሪንጆች ይዛ መጣች። በቀኝ ከታች ፎቅ የሚኖረው አናጢ ነበር፤ ሊጠግነው ወስዶ ሁለት ዓመት ያስቀመጠውን የቁምሳጥናችንን በር የኬክ ማቅረቢያ ይሆን ዘንድ አመጣ፤ ቁምሳጥኑም እስከ ዛሬ ያለ በር አለ። በግራ ይህ ታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ የፊኛ መንፊያው ተሰብሮ ነበርና ስልሳ ፊኛ በአፉ ነፋ፣ በሠላሳ አምስተኛው ላይ ዓይኑ ኮከብ አየ፣ በአርባኛው ላይ ተቀመጠ፣ ማንም አላመሰገነውም። ይህም ለትውልድ ይቀመጥ።

የጌጡስ ነገር! ከአንድ የሠርግ ሥራ የተረፈ ቢጫ ገበር ነበር፤ እሱን በሦስት ማዕዘን ቀደው፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰፍተው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰቀሉት፤ ገበሩ ባነሰ ጊዜም የባላቸውን ቢጫ ሸሚዝ ጨመሩበት፤ ስለዚህ ከባንዲራዎቹ አንዷ ኪስ አላት። የእንቁላል ካርቶኑ ተቆራርጦ አበባ ሆነ። የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ተጠቅልሎ ጽጌረዳ ሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ከሩቅ ሲያዩት ያታልላል፣ ከቅርብ ሲያዩት ግን ምን እንደሆነ ይታወቃል። ትንንሽ ካልሲዎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰልፈው ተሰቀሉ። እንዲህ አድርገው ድግሱን እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር አመጡት፤ ሳሎኑም ቢጫ በቢጫ ሆኖ አማረ።

ቀጥሎ ወደ ኬኩ መጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ክብ ጋግሮ፣ ክሬም ቀብቶ፣ በቃ። እሳቸው ግን በሕፃን ቀሚስ አምሳል፣ ከነኮሌታው ከነእጅጌው ይጋገራል አሉ። በጋዜጣ ላይ ቅድ አወጡ። እዚህ ላይ እጃቸው የለመደውን ሠራ፤ ሃያ ዓመት ያህል ጨርቅ ሲቆርጡ የኖሩ ሴት ናቸውና በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ለስፌት ተዉ። ለስፌት ከተዉ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ለልጅ ልብስ እንደሚያደርጉት ሌላ ሁለት ጣት ጨመሩ፦ «ሕፃን በሦስት ወር ውስጥ ልብስ ይጠበዋል! ትርፍ ይተው!»

ኬክ አያድግም ብሎ የተናገረ አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊው አስቦት ነበር፤ ግን ፊኛ በአፉ ነበር።

ምድጃችን ትንሽ ስለሆነች ቀሚሱ በየተራ ተጋገረ፤ ፊቱ ለብቻ፣ ሁለቱ እጅጌዎች ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ። ግራ እጅጌው ትንሽ አረረ፤ ፍቀው በክሬም ዘመዘሙት። ከዚያ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የቁምሳጥን በር ላይ አንድ በአንድ አገጣጥመው፣ በነርሷ ሲሪንጅ ነጭ ስፌት አወረዱበት፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ እኩል እኩል፣ እውነተኛ ስፌት። በከረሜላ ቁልፍ ሠሩ፣ ከአንገቱ ሥር ቢጫ ጥልፍ ጠለፉ። ሲጨርሱ ነርሷም አናጢውም እኔም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለን አየነው። ሌላው ቀልድ ቀልድ ነው፤ ኬኩ ግን ውብ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ልክ መሆኑ ብቻ ነው።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞላ። የሰፈሩ ሴቶች፣ የታናሽየዋ የሥራ ባልደረቦች፣ የሾፌሩ ዘመዶች፣ ማንም ያልጠራቸው ሁለት ሰዎች ጭምር። ነፍሰ ጡሯ መጋረጃ በለበሰ ወንበር ላይ ተሰየመች። ወይዘሮ አዳራሽ ቦርሳቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ከግድግዳ ሰዓቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በሰባት ተኩል ከኩሽና አዋጅ ወጣ፦ «መንገድ ልቀቁ! ኬኩ ይወጣል!»

አናጢው ከፊት፣ ታሪክ ጸሐፊው ከኋላ ሆነው አነሡ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። የቁምሳጥኑ በር ከኩሽናው መቃን ጋር ተላተመ፣ ቆመ።

ለካ ወደ ኩሽና ሲገባ በጎኑ ተይዞ ነው የገባው! አሁን ኬክ ተሸክሞ በጎኑ ሊቆም አይችልም። እመቤታችን ሜትራቸውን ከአንገታቸው መዘዙ። የኩሽናው በር፣ ሰባ። የኬኩ ወርድ፣ ሰማንያ ስድስት። እንደገና ለኩ። ሰማንያ ስድስት። ሦስተኛም ለኩ፤ ሜትሩም አላፈረም። ያ ለስፌትና ለዕድገት በየጎኑ የተተወው ጣት ሁሉ ቁጭ ብሎ ያየናል።

አናጢው አወጀ፦ «መቃኑን ልንቀለው! ግማሽ ሰዓት ስጡኝ!» መዶሻም አነሣ፤ የቁምሳጥኑን በር ሁለት ዓመት ያቆየ ሰው ግማሽ ሰዓት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ደግሞም ከግድግዳው የሚረግፈው ኖራ ክሬሙ ላይ ነው፣ ተከለከለ። ነርሷ አወጀች፦ «በስፌቱ ላይ እንቁረጠውና ሳሎን ውስጥ እንግጠመው!» ይህ ጥሩ ምክር ነበር። ወይዘሮ ሜትር ቢላዋውን አነሡ። ስንት ሺህ ልብስ የተረተሩ እጆች ናቸው፤ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ የሙሽራ ቀሚስ ሲተረትሩ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ቢላዋው ከኮሌታው በላይ ቆመ። የሕፃን ቀሚስ ነው፣ አልችልም አሉ። ቢላዋውን አስቀምጠው፣ በሽንኩርት ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ዜና መዋዕል እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የለበትም፤ ግን አለቀሱ፣ ምን ላድርግ።

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ወይዘሮ አዳራሽ ተነሡ። ቁልፉን ከቦርሳቸው አውጥተው አንሿሹት፦ «በሉ እንግዲህ ተነሡ! መኪና ደጅ ቆሟል። አዳራሹም ሰፊ ነው፣ በሩም ሰፊ ነው! ኬክ እንኳ ባይኖር መንገድ ላይ እንገዛለን!» አንዳንዱ ቦርሳውን አነሣ። አንዳንዱ ጫማውን ፈለገ። ያልተጠሩት ሁለት ሰዎች ቀድመው ደጃፍ ደረሱ።

በዚህ ጊዜ ነፍሰ ጡሯ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ፣ ወገቧን ይዛ፣ እየተነፈሰች ተነሣች። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት። እሷ ግን ወደ ደጅ አልሄደችም፤ ወደ ኩሽና ዞረች፣ በበሩ በጎኗ ገባች፣ እህቷን ወደ ሽንኩርት ሣጥኑ አንድ ጫፍ ገፋ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሣጥኑ ጮኸ። ሁለቱንም የምትፈራው፣ በሕይወቷ አዋጅ አውጃ የማታውቀው ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወጀች፦

«እኔ የትም አልሄድም! ኬኩ መውጣት ካልቻለ እኔ ገብቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሲያመኝ የታቀፍኩት እዚህ ነው። ደርባባ እንግዳ የሆነ አዳራሽ ይሂድ፤ የእኔ የሆነ ኩሽና ይግባ!»

ገቡ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሃያ ስምንት ሰው በዚያች ኩሽና! ሁለቱ የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ፣ አራቱ የበሩ መቃን ላይ ተደግፈው፣ አንዲት የሥራ ባልደረባ የማቀዝቀዣው በር ላይ፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ጠቀመ። ያልገቡት በበረንዳው መስኮት ሳህን ዘረጉ። አናጢው የባንዲራውን ገመድ ከሳሎን ፈቶ ከድስቶቹ በላይ ሰቀለው፤ ኪስ ያላት ባንዲራ በትክክል በታሪክ ጸሐፊው ግንባር ላይ ዋለች። ወይዘሮ አዳራሽ ቁልፋቸውን ይዘው ባዶ ሳሎን ውስጥ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ቁልፉን ወደ ቦርሳው መልሰው መጡ፣ ቦታ የተገኘላቸው ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነበር፣ የደረሳቸውም ያረረው ግራ እጅጌ ነበር። ማንም ሆነ ብሎ አላደረገውም ይባላል። በሉትና አወጁ፦ «እንደው አይዋሽም፣ ይጣፍጣል! ጨምሩልኝ!»

ኬኩንም አስቀድመው ነፍሰ ጡሯ የእህቷን እጅ በእጇ ይዛ አብረው ቆርጠውት ነበር። ለሃያ ስምንቱም ለመስኮቱም ሰው በቃ፣ ለጎረቤት ተረፈ፤ እነዚያ ተጨማሪ ጣቶች ባይኖሩ ግማሹ ሰው ባዶ ሳህን ይዞ ይቀር ነበር። ከዚያ ታናሽየዋ አፏን ጠርጋ ሁለተኛውን አዋጅ አወጀች፦ «ደግሞ ስሙ! ልጄ በእናቱ በኩል አያት የለውም ብላችሁ ከንፈር ስትመጡ ሰምቻለሁ። አለችው! ይህችው ናት። ልጄ እሷን አክስቴ አይላትም፣ አያቴ ነው የሚላት። የሚከፋው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር!»

ወይዘሮ ሜትር ገና የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናቸው፤ አንዲት ሽበት ባዩ ቁጥር መስታወት የሚሳደቡ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይናቸውን አፈጠጡ። ከዚያ ሽርጣቸውን አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ለረጅም ጊዜም አላወረዱትም። እኔም ባንዲራዎቹን የማስተካክል መስዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አንባቢ ሆይ፣ እኛ ልጅ የለንም። ለመውለድ ያልሄድንበት ሐኪም አልነበረም፤ ከጊዜ በኋላ ስለ ልጅ ማውራት ትተናል።

እንግዲህ የወይዘሮ ሜትር ክብር ይነገር፤ የመቀሶች እመቤት፣ የእንቁላል ካርቶን አበባ አድራጊ፣ የባላቸው ሸሚዝ ደምሳሽ፣ እመ እኅታ። ከታላላቆች ወልደው፣ አሳድገው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ብዙዎች ናቸው፣ ለእነሱም ብዙ ተጽፎላቸዋል። ሳይወልዱ አያት የሆኑት ግን እሳቸው ናቸው፤ እኔም አብሬያቸው ሆንኩ።