ለነጩ ሳጥን ያጸዳነው ማድቤት

ሳጥን ይሰማል እንዴ?

አትሳቁ። የምሬን ነው። ጆሮ የለው፣ አፍ የለው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግማሽ ዳቦ የሚያህል ነጭ ሳጥን ሰው ያወራውን ይሰማል ወይ ነው ጥያቄዬ። ከክረምት ጀምሮ ጠይቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ባሌን ብጠይቀው "አንቺ ደግሞ የምትጨነቂበት አይጠፋሽም" ብሎ ፊቱን አዞረ። እናንተ አንባቢዎች ናችሁ፣ ታውቁ ይሆናል ብዬ ነው። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ይቺንም የምጽፈው ምስር እንደሚለቅም ሰው ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው።

የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ ሳይፈርሱ ከተረፉት ግቢዎች ባንዱ ነው። ስድስት አባወራ፣ አንድ በር፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ማድቤት። የማድቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ግድግዳው ድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። አሁን ጥቁር ነው። ጥቁር ስላችሁ ዝም ብሎ ጥቁር እንዳይመስላችሁ፤ ጥላሸቱ በማንኪያ ይዛቃል። ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሳምንት ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ሴቶቹን ሰላም ልል ገባሁና ግድግዳውን ደገፍ አልኩ። ስወጣ በፊት ለፊቴ ሙሽራ፣ በጀርባዬ ሐዘንተኛ ነበርኩ። እትዬ ወርቄ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና "አሁን ገና የግቢው ሰው ሆንሽ!" አሉኝ።

እትዬ ወርቄ ቆሎ ቆልተው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ይሸጣሉ። ግቢያችን ሊቀመንበር የለውም፤ እሳቸው እያሉ ምን ያደርጋል? "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ከአፋቸው አይጠፋም። ጠዋት "ደህና አደሩ እትዬ?" ስትሏቸው እንኳ ለምን እንደጠየቃችኋቸው ትንሽ ያስባሉ።

እኔም ከሳቸው ብዙ አልርቅም። ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ልጄ ቤዛ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ትስላለች። ጉንፋን ነው አሉኝ፤ ጉንፋኑ ሄደ፣ ሳሉ ቀረ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና ቀና ብሎ "በምንድን ነው የምታበስሉት?" አለኝ። ጠረጠርኩ። እኔ የመጣሁት ለሳል፤ እሱ ስለ ወጤ ምን አገባው? በሩ ደግሞ ክፍት ነው፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ይሰማሉ። "በኤሌክትሪክ" አልኩት። እጄን አየ። ጥፍሬ ውስጥ ከሰል ነበር። ሽሮፕ ጻፈልኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ተረቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ማወቅና ማድረግ ግን ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደሉም።

ለነገሩ ኤሌክትሪኩስ የት አለና? ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው ብያችኋለሁ። አንድ ስቶቭ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ሲሰካ ግቢው ድርግም። ከዚያ "ማነው የሰካው?" እየተባለ ጩኸት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ከሰላችንን በፈርኔሎ እናነዳለን፤ ሁላችንም እንስላለን፤ ሁላችንም ብርድ ነው እንላለን።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሳጥብ ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ መጣች። ግቢው ውስጥ ከኔና ከቤዛ በቀር ሰው የለም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ድምፁ የለሰለሰ ሰው እኔን አያረጋጋኝም፤ ግን ምን ላድርግ፣ አስገባኋት። ነጩን ሳጥን አሳየችኝ። የማድቤት ጭስ ይለካል አለች። አንድ ሳምንት ይሰቀልና፣ ጭሱ የባሰበት ግቢ ተመርጦ የጭስ ማውጫ ይሠራለታል፣ ለየቤቱም የራሱ መስመርና ስቶቭ ይገባለታል። "እንደ ወትሯችሁ አብስሉ፤ ለሳጥኑ ብላችሁ ምንም ነገር አትቀይሩ" አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ቤዛ ቀሚሴን ይዛ እየሳለች ትጎትተኛለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ልጅቷ ሰዓቷን አየች። አፈርኩ። ጨርሶ እንዳነበበ ሰው ራሴን ነቅንቄ ፈረምኩ።

ወደ ማምሻው ሰዉ ሁሉ ሲገባ ሳጥኑ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ተቀበላቸው።

"ማነው የፈቀደው?" አሉ እትዬ ወርቄ።

"እኔ ነኝ። ፈርሜ።"

"አንብበሻል?"

"እስከ ሦስተኛው መስመር።"

ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። "ኧረ አንቺ ልጅ! ጉዱ እኮ ሁልጊዜ ታች ነው የሚጻፈው!"

ጋሽ ሸምሱም ተጨመሩበት። እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ወሎ ተወልደው ፒያሳ ያረጁ። "ጭስ በሳጥን? ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየውን? አርባ ዓመት ሰው ለክቻለሁ፤ ሰው የሚለካው ልብስ ሊሰፋለት ወይ ከፈን ሊቆረጥለት ነው። ለኛ ልብስ ሊሰፉልን ይመስላችኋል?"

አትፍረዱባቸው። ሰፈራችን ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ከሄደ በኋላ ምን እንደሚከተል አይተናል። ለካ፣ ጻፈ፣ በር ላይ ቀለም ቀባ፤ ከዚያ እነ እንትና የት ደረሱ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ማድቤት ውስጥ ወሬ ቀረ። ሐሜት በዓይንና በቅንድብ ብቻ ሆነ። ሽንኩርት ተወደደ የሚል እንኳ ጠፋ። ድምፃችንን ከፍ አድርገን "ተመስገን፣ ሁሉ ሙሉ ነው" እንባባላለን። እትዬ ወርቄማ ሲገቡ ሳጥኑን "እንደምን ዋልክ" ማለት ጀመሩ፤ ከተቀየመ ምን እንደሚጽፍ አይታወቅም ብለው።

በሁለተኛው ቀን ትእዛዝ ወጣ። ጭሱን ካየ "ይህ ቦታ ለሰው አይሆንም" ብሎ ይጽፋል፤ ያኔ ከተማ ዳር ወስደው ይጥሉናል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ጭስ ማየት የለበትም አሉ እትዬ ወርቄ። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ፣ ልጅቷ ምንም አትቀይሩ ብላለች እኮ አልኳቸው።

"አንቺ! 'ለኔ ብላችሁ እንዳትቸገሩ' ያለሽን እንግዳ ዝም ብለሽ ሸኝተሽ ታውቂያለሽ?"

እውነታቸውን ነው። አትቸገሩ ያለ እንግዳ ፊት ነው ይበልጥ የሚቸገሩት።

ጥላሸቱን በቢላዋ ፋቅን። ኖራ ቀባን። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ የሚንጠለጠል መጋረጃ ሰፉ። ቄጤማ ጎዘጎዝን። ማድቤቱ ሙሽራ ሆነ። ፈርኔሎዎቹስ? ወደየቤታችን ገቡ።

የኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መሀል ላይ ፈርኔሎ። መስኮት የለውም። በሬ ደግሞ ከማድቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ጭሱ ተሻግሮ እንዳያጋልጠን ዝጊው ተባልኩ። ዘጋሁት። ባሌ ከሥራ ሲመለስ በሩን ከፍቶ ቆመና "እዚህ ቤት ተከራዩ ማነው? እኛ ነን ወይስ ጭሱ?" አለ። ሳቅን። ቤዛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አደረች።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል። ሽሮ ጥጃለሁ። ቤዛ አልጋው ላይ በክዳን ትጫወታለች። ክዳኑን ስታንኳኳ እሰማለሁ። ከዚያ መስማት አቆምኩ። ዞር ስል ጋደም ብላለች። "ቤዝዬ" አልኳት። ዓይኗን ገልጣ መልሳ ጨፈነችው። ሳነሳት አንገቷ አልጸና አለኝ። የኔም ራስ ይዞራል። የከሰሉ ጭስ መትቶናል።

አፍሼያት ወጣሁ። ዝናቡ መቆሚያ አይሰጥም። ጭስ የሌለበት ቅርብ ጣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ማድቤቱ። ቄጤማው ላይ ተቀምጬ አቀፍኳት። አስመለሳት። ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ቀን ለቅሶ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ትንፋሽዋ ሲመለስ ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ነጭ ግድግዳ። እርጥብ ቄጤማ። ንጹሕ አየር። ከግቢው ሁሉ ደህና አየር ሲተነፍስ የሰነበተው ሳጥኑ ብቻ ነው።

ተናደድኩ። "ስማኝ!" አልኩት። አዎ፣ ሳጥኑን። አምስት ቀን እንዳይሰማን በሹክሹክታ ስንኖር ከርመን እኔ ጮህኩበት። "ያየኸው ሁሉ ውሸት ነው! ጭሱ ቤታችን ውስጥ ነው ያለው፤ ደብቀንህ ነው። ልጄ ትስላለች። ስትመለስ ይህን ንገራቸው!" አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ።

ዝናቡ ቀለል ሲል ጋሽ ሸምሱ ጃንጥላ ይዘው ጤና ጣቢያ አደረሱን። ልጅሽ ተርፋለች አለ ሐኪሙ፤ ከሰል ቤት እንዳታስገቢ፣ መስኮትም ክፈቺ አለኝ። መስኮት የለንም አላልኩትም።

በሰባተኛው ቀን ባለ ባጇ መጣች። ነጩን ግድግዳ አየች። መጋረጃውን አየች። ግቢው በሙሉ ተሰልፎ ፈገግ ብሏል። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት እትዬ ወርቄ እጇ ላይ ቆሎ አፈሰሱላት። ሳጥኑን አውርዳ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ወደኔ ጠጋ ብላ "የልጅሽ ሳል እንዴት ሆነላት?" አለችኝ።

ክው አልኩ። ስለ ሳሏ ለዚች ልጅ ነግሬያታለሁ? አልነገርኳትም። የነገርኩት ለሳጥኑ ነው። እውነቱን ላወጣው አፌ ላይ ደረሰ። እትዬ ወርቄ ግን ከኋላዬ ቆመዋል። "ደህና ናት" አልኩ። ስለ ከሰሉ፣ ስለ ወረቀቱ፣ አሁን ደግሞ ስለ ልጄ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ዋሸሁ ማለት ነው።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። "ጣጣውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ አንብቢ" ተባልኩና ግቢው ቆሞ እኔ ፊደል ለቀምኩ። የማድቤታችሁ አየር ከተለኩት ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ እናመሰግናለን ይላል። ቅድሚያው ለባሰባቸው ተሰጥቷል ይላል። እልል ተባለ! አንነሣም ማለት ነው። ጋሽ ሸምሱ ደብዳቤውን ሳጥኑ በነበረበት ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

የባሰባቸው የተባሉት እነማን ናቸው መሰላችሁ? ማዶ ያለው ግቢ። እነሱ ለሳጥኑ ግድ አልሰጣቸውም፤ ከሰል ሲያልቅባቸው አሮጌ ጫማ ሳይቀር ሲያነዱ ከረሙ። ይኸው ለየቤታቸው መስመር ገባላቸው። የጭስ ማውጫቸው ከአጥራችን በላይ ይታያል። እትዬ ወርቄ ቀና ብለው አዩትና "በዚያ ቧንቧ ነው የሚያዩን" አሉ።

የኛ ፈርኔሎዎች ወደ ማድቤት ተመልሰዋል። ኖራው ጠቁሯል። ደብዳቤውም መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡና ዓይነት ሆኗል፤ "ንጹሕ" የሚለው ቃል ገና ይነበባል። ቤዛ ትስላለች።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ስሆን ከሚስማሩ አውርጄ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። እትዬ ወርቄ እውነታቸውን ነው፤ ጉዱ ታች ነው። ስልክ ቁጥር አለው። "ልኬቱ ትክክል አይደለም የምትሉ ከሆነ ደውሉ" ይላል። ገልብጬ መቀነቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኛ እኮ ጠርጥረን ነው የተመነጠርነው።

አሁን ግራ ገባኝ። ልደውልና ዋሽተናችኋል ልበል? ግቢው "ከሃዲ" ይለኛል፤ እዚያው ማድቤት ከነሱ ጋር ነው የማበስለው። ባለ ባጇን፣ ሳጥኑን መልሰሽ፣ ሳሏን ይስማ፣ ከቤዛ አልጋ በላይ ስቀይልኝ ልበላት? እትዬ ወርቄ ይህን ከሰሙ ደግሞ የኔን ቤት ኖራ ይቀቡታል። ዝም ልበል? ሳሉስ?

እስቲ ምከሩኝ። ልደውል? ደውዬስ፣ ያቺ ልጅ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ "ሳጥኑ ነግሮኝ የለ፣ አንቺን ነበር የምጠብቀው" ብትለኝ ምን እላታለሁ?