ባለሜዳው ሲጾም

ታሪክ ለመጻፍ ማስረጃና ድፍረት ያስፈልጋል ይባላል። ብዙ ሰው ማስረጃው ሲጠፋበት በድፍረቱ ይሞላዋል። እኔ የኮሌጃችንን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ታሪክ እንድጽፍ ስታዘዝ ግን ማስረጃው ሞልቶ ድፍረት አጣሁ። ምን ተብሎ ይጻፋል? እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በገዛ ሜዳችን፣ አንድ ቀን እንኳ አሸንፈን አናውቅም!

ነገሩን ያመጡት አዲሱ ዲናችን ናቸው። ገና ወንበራቸው ሳይሞቅ ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያ አጩት። አብዛኞቻችን በባጃጅ የምንመላለስ ሰዎች ነን፤ የትኛው መኪና ሊቆምበት እንደሆነ እንጃ። እኔ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት በተማሪነቴ ለዚያው ቡድን ተጫውቻለሁ፤ ባለቤቴንም ያገኘኋት እዚያው ሜዳ ዳር ቆማ ስትስቅብኝ ነው። ሜዳውን እንዲተዉት ቢሯቸው ገብቼ ለመንኳቸው። የሚያኮራ ታሪክ ካለው ጽፈህ አምጣ፣ ከሌለው መኪና ይቁምበት አሉኝ።

ጡረታ ወደወጡት አሰልጣኛችን፣ ወደ ጋሽ ምኒችል ሄድኩ። ጋሽ ምኒችል ያደጉት ቅኔ ቤት ነው፤ ኳስ የመጣችባቸው ከጾምና ከጸሎት በኋላ ነው። ውድድሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም፤ ጨዋታው የሚጀመረው ስምንት ሰዓት ነው። እንግዳው ቡድን ግን መንገደኛ ነውና ጾሙ አይጠብቅበትም ብለው ጋሽ ምኒችል ራሳቸው ሽሮ አስቀርበው፣ እያጎረሱ ያጠግቡታል። ከዚያ እሱ ይዘላል፣ እኛ እናዛጋለን። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸው አይደል? ሌላ አገር ስንሄድ መንገደኞቹ እኛ ስለሆንን በልተን እናሸንፋለን። ሰው ሁሉ በሜዳው ሲያሸንፍ እኛ በሰው ሜዳ ብቻ ጀግና ሆነን ኖርን።

ታዲያ ሽሮውን ቢያስቀሩት ምን ነበረበት ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ምኒችል ተቆጡ። “አንተው! እንግዳ ርቦት ይጫወት ትላለህ? ለአንዲት ኳስ ብለን ነውር እንሥራ?” አሉኝ።

ምን ላድርግ? መዋሸቱ ስላስፈራኝ እንዳለ ጻፍኩት፤ ሽንፈቱንም ሽሮውንም። ለሜዳው በልቤ ተዝካር እያወጣሁ ለዲኑ ሰጠኋቸው። ማንበብ ጀመሩ። ሽሮው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ከቅርጫቱ ጀርባ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበር፤ ተቆርጦ ሕንፃ ተሠርቶበታል አልኳቸው። ሰውየው ብድግ አሉ። ለካስ በወጣትነታቸው ከሩቅ መጥቶ እዚሁ ከተጫወተ እንግዳ ቡድን ጋር ነበሩ፤ ዛፉ ቢጠፋ ነው ሜዳውን ያላወቁት! በዕድሜያቸው ያለቻቸውን አንዲት የማሸነፊያ ኳስ፣ እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው የሚተርኳትን፣ ያስገቧት እዚሁ ነው። ታሪክ የተሠራበት ሜዳማ አይነካም አሉ። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም። ስንት ዓመት የፈሰሰው የእኛ ላብ ያላስከበረውን ሜዳ እሳቸው የበሏት ሽሮ አስከበረችው።

ደስታቸው በዚህ አላበቃም። ራሳቸው የሚሰለፉበት የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጁ፤ ከጉንደ ወይን የመምህራን ቡድን ተጠራ፤ ጋሽ ምኒችልም በክብር ተጋበዙ። ቀኑ እንደ ልማዳችን ሁዳዴ ላይ ዋለ። ዲኑ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ የድሮውን እያስታወሱ፣ ፈገግ ብለው እንግዶቹ ወደከበቡት ሽሮ ተጠጉ። ጋሽ ምኒችል ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በአክብሮት መንገዱን ዘጉባቸው። “ጌታው፣ እርስዎ እኮ ዛሬ ባለሜዳ ነዎት” አሏቸው።

ተሸነፍን። ዲኑ ከአጠገቤ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ስለ ውጤቱ ምንም አላነሱም፤ የጠየቁኝ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ እንደሆነ ብቻ ነው።