ሽኝት ስትቆጥር የሰነበተችው መሣሪያ

ሰው ስለ እግሩ ሲጠየቅ እውነት አይናገርም። ሰነፉ «ስዞር ነው የምውለው» ይላል፤ ብርቱው «ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ» ይላል። ያቺን ክብሪት የምታህል የእርምጃ መቁጠሪያ ያደነቅኳት ለዚህ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል፤ እሷ ግን ቀበቶ ላይ ተንጠልጥላ ከአረማመድ ትፈርዳለች። አትጠይቅም፣ አታፍርም! በር ከማንኳኳቴ በፊት ሰላምታዬን ሦስት ጊዜ የምለማመደው እኔ ብቀናባት ይገርማል?

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የሳንባ ሕመምተኞችን እንቅስቃሴ የሚያጠና አንድ ወጣት ሐኪም ቀጠረኝ። ሥራው ከቁጥር ጋር ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ቁጥሩ ሰው ቤት እንደሚገኝ የነገረኝ የለም። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ታቦር ተራራ ሥር፣ ጋሽ ወልዴ ቤት እየሄድኩ መሣሪያዋን ማሰራቸውን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት ዱቄት ሲተነፍሱ የኖሩ፣ አሁን ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው አስቴር ደግሞ «አባዬ፣ ቁጭ በል!» እያለች ከወንበር አታስነሳቸውም። የእሳቸው ምኞት አንድ ብቻ ነው፦ መናኸሪያ ያሉትን የወፍጮ ቤት ጓደኞቻቸውን ሄዶ ማየት። እሷም «ሐኪሙ ይችላል ካለ ትሄዳለህ» ብላ ምላለች። ፍርዱ እንግዲህ በዚያች ክብሪት እጅ ወደቀ።

የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልሄድ ስነሳ እሳቸውም ተነሡ። ይቀመጡ፣ ይደክምዎታል ብላቸው፣ «እንግዳ ሳይሸኝ የሚወጣበት ቤት አይደለም ይሄ!» አሉ። አስቴር በሩን ከፈተችልን። ውሃ ለመቅዳት እንኳ እንዳይነሱ የከለከለች ልጅ፣ «እንግዳ አትሸኝ» ለማለት ድፍረቱን ከየት ታምጣው?

የኮብልስቶኑ መታጠፊያ ጋ ትንፋሻቸው አጠረ። ቆም አሉና «ይቺ ማንጎ አድጋለች» አሉ፣ የጎረቤቱን ዛፍ የሚያደንቁ መስለው። ታዲያ ሽማግሌ መንገድ ላይ ጥዬ ልሂድ? እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው። እንግዳ ሸኝቷቸው ሊቀሩ ነው እንዴ? እንደገና ሸኙኝ። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ነጂዎቹ «ትሄዳላችሁ?» ብለው መጠየቃቸውን ተዉ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ያየው የእርምጃቸው መስመር ቀኑን ሙሉ ሜዳ፣ ልክ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን የታቦርን ተራራ የሚመስል ጉብታ ነው። «እኚህ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምን ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥናቱን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ወለሉን እያየሁ ተናዘዝኩ። ቁጥሩን ከጥናቱ አወጣው። ጋሽ ወልዴን ግን ከነአስቴር አስጠርቶ ጉብታውን አሳያቸው። «መናኸሪያ ይሂዱ፣ እያረፉ። በቀረው ቀን ደግሞ እግርዎ እንዳይሰንፍ አንድ አንድ እንግዳ ይሸኙ» አላቸው። ጋሽ ወልዴ በድል አድራጊነት ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷም «እሺ፣ እንግዳውን በየቀኑ ከየት አመጣለሁ?» አለች።

ሦስቱም እኔን አዩኝ።

ሰው ፈርቼ ቁጥር ብመርጥ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሆኜ አረፍኩት፤ በቀን አንዴ፣ ከምግብ በኋላ። አስቴር ሳልበላ አትለቀኝማ።